ስለ ገላ ጠጉር ተግባርና ስለ መላጨት ልማድ

ሰው ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ተለይቶ ገላው የተራቆተ ሆኖ ሳለ፥ ለአካለ መጠን ሲደርስ ግን በብብቱና በኀፍረተ ሥጋው ዙሪያ ጭገር የምንለው ወፍራምና ጥምዝ ጠጉር ይበቅልበታል፤ የጥንት ሰዎችም የበቀለበትን ምክንያት ከመመርመር ይልቅ ስለሚወገድበት ሥርዓት አብዝተው አስበዋል።

ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ጽርኣዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፥ ካህናተ ግብፅ አማልክታቸውን ሲያገለግሉ ቅማል ወይም ሌላ ርኵስ ነገር እንዳይገኝባቸው በየሁለት ቀኑ መላ ገላቸውን ይላጩ ነበር። ሌዋውያንም ለአገልግሎት በተለዩ ጊዜ በገላቸው ሁሉ ምላጭ እንዲያሳልፉ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 8 ታዘዋል፤ ከለምጽ የነጻውም ሰው ጠጉሩን ሁሉ እንዲላጭ ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 14 ይደነግጋል። በእስልምናም የኀፍረትን ጠጉር መላጨትና የብብትን መንጨት ከግዝረት፥ ሪዝን ከማሳጠርና ጥፍርን ከመቍረጥ ጋራ ፊጥራ ከሚባለው የተፈጥሮ ሥርዓት ተቈጥሮ፥ ከ40 ሌሊት በላይ ሳይላጩ መቈየት እንደማይገባ ሐዲስ ወስኗል። እነዚህ ሥርዓቶች በዘመንና በእምነት ቢራራቁም፥ ገላን ማንጻት ለአምልኮ ከመዘጋጀት የማይለይ መሆኑን በማመን ይስማማሉ።

የጠጉሩን ተግባር መመርመር የተጀመረው ግን እጅግ ዘግይቶ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1871 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ የሰው ገላ የተራቆተው ወንድና ሴት እርስ በርስ ሲመራረጡ ለውበት ሲባል ነው ብሎ አስተማረ። በ1922 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጀርመናዊው ሊቅ ሺፈርዴከር አፖክሪን ብሎ የሰየማቸውን የላብ ዕጢዎች ከሌሎቹ ለይቶ አስረዳ፤ እነዚህም በብብትና በኀፍረተ ሥጋ አካባቢ በብዛት የሚገኙ፥ ሥራቸውንም ጠጉሩ በሚበቅልበት በዚያው የጕርምስና ጊዜ የሚጀምሩ ናቸው። የሚያመነጩት ቅባታም ፈሳሽ ባክቴሪያ ሲያገኘው ጠረን ስለሚያወጣ፥ ጠጉሩ ጠረኑን ይዞ ያሰራጫል፤ ደግሞም ቈዳ ከቈዳ ጋራ ሲፋተግ እንዳይላጥ ይጋርዳል፤ ሰውም ለመውለድ መድረሱን በውጭ ያሳያል በማለት ሊቃውንቱ ያስባሉ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ንጹሓኑ ካህናት የተጸየፏት ቅማል ራሷ ለዚህ ጠጉር ጥንታዊነት ምስክር ሆና መገኘቷ ነው። በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪው ዴቪድ ሪድና ባልደረቦቹ የዘር ቅንጣቷን መርምረው፥ የሰው የጭገር ቅማልና የጎሪላ ቅማል የተለያዩት ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዓመት በፊት መሆኑን አስታወቁ፤ የሰውና የጎሪላ ዘር ከዚያ እጅግ ቀድሞ የተለያየ ስለ ሆነ፥ ቅማሏ ወደ ሰው ወገን የተሻገረችው ከጎሪላ ወገን ነው ማለት ነው። በራስ ጠጉር ከምትኖረው ቅማል ተለይታ የራሷን ማደሪያ ማግኘቷም የዚህን ጠጉር ጥንታዊነት ያመለክታል።

በ1915 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጂሌት የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ ለሴቶች የተለየ ምላጭ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ፥ ቀድሞ የሃይማኖት ሥርዓት የነበረው መላጨት የጌጥና የንግድ ጉዳይም ሆኗል። መላጨትም ሆነ መተው የእያንዳንዱ ሰው ፈቃድና የእምነቱ ሥርዓት ነው፤ ንጽሕናን የሚሰጡት ግን ውሃና ሳሙና ስለ ሆኑ፥ ወላጆችና መምህራን ለጐረምሶችና ለኰረዶች ይህ ጠጉር እድፍ ሳይሆን የጤናማ አካል ክፍል መሆኑን ያለ ኀፍረት ሊያስተምሯቸው ይገባል።