የልጅ ልጆችን ይዞ ወደ አሽዶድ ሙዚየሞች

አሽዶድ ውስጥ ልጆችን ይዞ የሚኬድባቸው ሁለት ዋና ሙዚየሞች አሉ። አንደኛው በኮሪን ማማን ስም የተሰየመው የፍልስጥኤማውያን ባህል ሙዚየም ነው፤ ሁለተኛው በሞናርት ማዕከል ያለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ሙዚየም የትምህርት ቤት ጉዳይ ተደርጎ ይታያል፤ መምህሯ ትወስዳቸዋለች፣ አያት ቤት ሆነው ይጠብቃሉ። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ጽሑፉ በዕብራይስጥ ስለሆነ ልጁ ያነባል፣ ብዙ አያቶች አያነቡም። ሆኖም በተለይ በመጀመሪያው ሙዚየም ውስጥ አያት የሚያውቁት፣ ልጁ ግን ከጽሑፉ የማያገኘው ብዙ ነገር አለ።

ከስሙ መጀመር ይቻላል። አሽዶድ በአማርኛው መጽሐፍ አዛጦን የተባለችው ከተማ ናት። ከጋዛ፣ ከአስቀሎና፣ ከጌትና ከአቃሮን ጋር ከአምስቱ የፍልስጥኤማውያን ከተሞች አንዷ ነበረች። ታቦቱ ተማርኮ የመጣው፣ ጣዖቱ ዳጎን በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው እዚህ እንደሆነ በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል። የጥንቷ ከተማ ፍርስራሽ ቴል አሽዶድ ይባላል፤ ከዛሬው ከተማ ወጣ ብሎ በስተደቡብ ምሥራቅ ይገኛል። የዛሬዋ አሽዶድ በ1956 የተቆረቆረች ናት። ታሪኩን ከጉብኝቱ በፊት ማታ ቤት ውስጥ መንገር ይበጃል፤ ልጁ መስታወቱ ፊት ሲቆም የሚያውቀውን ስም ይፈልጋልና። ስሙን በዜና ከሚሰሙት ጋር የሚያምታቱ ልጆችም አሉ፤ የጥንቶቹ በዕብራይስጥ «ፕሊሽቲም» እንደሚባሉ አስቀድሞ መንገር ነው።

እንዲህ ባለ ሙዚየም በብዛት የሚታየው ሸክላ ነው። ሸክላ ደግሞ ልጆችን ቶሎ ይሰለቻቸዋል፤ «ድስት ነው» ብለው ያልፋሉ። አያት የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራቸው የታወቁ ነበሩ፤ ጭቃውን አሽተው፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጃቸው አቁመው፣ በሜዳ እሳት ይተኩሱት ነበር። እንስራ ወይም ጀበና የሠራ፣ ሲሠራም ያየ ሰው የጥንቱን ዕቃ ሲያይ ጥያቄው ሌላ ነው። ጆሮው እንዴት ተቀጠለ? ከንፈሩ ለምን ጠበበ? ምን ተቀቀለበት?

ከፍልስጥኤማውያን ዕቃዎች መካከል ማፍሰሻው ሥር እንደ ወንፊት የተበሳሳ አንድ ዓይነት ማሰሮ አለ። ብዙ ተመራማሪዎች የቢራ መቅጃ ነው ይላሉ። ጠላ ጠምቀው የሚያውቁ እናት ቀዳዳዎቹ ምን እንደሚያስቀሩ ለማስረዳት ጽሑፍ አያስፈልጋቸውም፤ አተላውን ነው። በ2019 የእስራኤል ተመራማሪዎች በጌት ከተገኙ የፍልስጥኤማውያን ማሰሮዎችና ከሌሎች ጥንታዊ ሸክላዎች እርሾ አውጥተው መጠጥ ጠመቁበት። ከእርሾዎቹ መካከል ለኢትዮጵያ ጠጅ እርሾ የሚቀርብ እንዳለ ተናግረዋል። ይህን የሰማ ጎረምሳ ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ ስልኩን ኪሱ ይከታል።

ፍልስጥኤማውያን ራሳቸው መጤዎች ነበሩ። የዛሬ 3,200 ዓመት ገደማ ከኤጂያን ባሕር አካባቢ እንደመጡ ይታመናል። የመጀመሪያዎቹ ሸክላውን ከዚህ አገር ጭቃ፣ ነገር ግን በትውልድ አገራቸው ቅርጽ ይሠሩ ነበር። ቀጥሎ በቀይና በጥቁር ቀለም የተሣለ፣ ወፍና ጠመዝማዛ መስመር ያለበት ዕቃ መጣ፤ ከከነዓንና ከግብፅ የተወሰደ ጌጥም ተጨመረበት። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ያ ሥዕል ቀረ። ልጁን «የትኛው የአያትየው፣ የትኛው የልጅ ልጁ ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ወሬው ወደ ራሳቸው ቤት መዞሩ አይቀርም።

ለትልልቆቹ ልጆች የሚሆነው የሳርጎን ታሪክ ነው። የአሦር ንጉሥ ሳርጎን ግብር የከለከለውን የአዛጦንን ንጉሥ ሽሮ ወንድሙን ቢሾም፣ ሕዝቡ የተሾመውን አባሮ ያማኒ የሚባል ሰው አነገሠ። ሳርጎን ከልደት በፊት በ711 ገደማ ከተማዋን ያዘ። ያማኒ ወደ ኩሽ ሸሸ፤ የኩሽ ንጉሥ ግን በሰንሰለት አስሮ ለአሦር አሳልፎ ሰጠው። ይህ በአሦራውያን ጽሑፎች ተመዝግቧል፤ የሳርጎን የድል ሐውልት ስብርባሪም በቴል አሽዶድ ቁፋሮ ተገኝቷል። ኢሳይያስ ምዕራፍ 20 የሚናገረው ስለዚሁ ዘመን ነው። ልጁ በዕብራይስጥ «ኩሽ» ብሎ የሚያነበውን የአማርኛው መጽሐፍ «ኢትዮጵያ» ይለዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። የዚያን ጊዜው የኩሽ መንግሥት መነሻ የዛሬው ሱዳን መሆኑንም ማስረዳት ያስፈልጋል።

ልጆች «ይሄ እውነተኛው ነው?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ከቴል አሽዶድ ከወጡት ሁሉ ስሟ የገነነው «አሽዶዳ» የተባለችው 17 ሳንቲሜትር ያህል የምትሆን የሸክላ ምስል ናት፤ ሴት ስትሆን ገላዋ ወንበር ሆኖ ይጨርሳል። ዋናዋ ያለችው በኢየሩሳሌም የእስራኤል ሙዚየም ነው። ቅጂ ማሳየት ማታለል አይደለም፤ አዲስ አበባም ብሔራዊ ሙዚየም ሕዝብ የሚያየው የድንቅነሽን ቅጂ ነው፣ አጥንቷ ተጠብቆ ይቀመጣል።

የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ለሌላ ቀን ይቆይ፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ሕፃናትን ያደክማል። እዚያ የዘመኑ ሠዓሊዎች ሥራ በየጊዜው ስለሚቀያየር ለትንንሾቹ ከማንበብ ይልቅ ማየትና መገመት ይሻላል።

ለአሥር ዓመት ልጅ አንድ ሰዓት ይበቃል። የሰንበትና የበዓል ዋዜማ ሰዓት ስለሚለይ አስቀድሞ ልጁ ራሱ ይደውል፤ ፎቶ ማንሳት ይፈቀድ እንደሆነም በዚያው ይጠይቅ። የአዛውንት መታወቂያ፣ «ቴውዳት ኤዝራሕ ቫቲክ»፣ የመግቢያ ቅናሽ ስለሚያስገኝ ይዞ መሄድ ነው። መቀመጫ ያለበትን ክፍል ደግሞ ገና ሲገቡ መጠየቅ፤ ጉልበት የሚያማቸው አያት እዚያ ሆነው ልጁ እየተመላለሰ ያየውን ሊነግራቸው ይችላል፣ በአማርኛ።