ሣር ክዳን፣ ቆርቆሮና የግድግዳ ሥዕል በጎጃም ደጋ

በ1873 ዓ.ም. የነገሡት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ ደብረ ማርቆስ የተባለችው በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ስትሆን፣ በዓመት ወደ 1,300 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም የሚወርደው በክረምት ነው። እንዲህ ባለ አየር የአብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ለረጅም ዘመን ሊቆይ የቻለው በሠዓሊው ጥበብ ብቻ ሳይሆን በቤት ሠሪውም ጭምር ነው።

በአካባቢው የተለመደው ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ የተባሉ ሦስት ክፍሎች አሉት። ሥዕሉ በመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ ላይ ይገኛል። ሠዓሊው በጭቃ በተመረገው ግድግዳ ላይ የጥጥ ጨርቅ ይለጥፍና ከቆዳ በተገኘ ሙጫ የተለወሰ ቀለም ይቀባበታል። ሙጫ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህም ሲደጋገም ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ይሁን እንጂ ሰፊው የሣር ክዳን ዝናቡን ከግድግዳው ያርቃል፤ ውፍረቱም የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ያለዝባል። በዙሪያው ያሉት ክፍሎች ደግሞ ፀሐይን ይከልላሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ስለሚበረታ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

በ20ኛው ምእተ ዓመት ቆርቆሮ የሣሩን ቦታ እየያዘ መጣ። ሣር በየጊዜው መታደስን የሚሻና ለእሳት የተጋለጠ በመሆኑ ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ቆርቆሮ ቀን ይግላል፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በውስጥ ገጹም ላይ እርጥበት ይቋጠራል። ክፈፉ ካጠረና አሸንዳ ከሌለው ውኃው በግድግዳው ሥር ይጠራቀምና በጭቃው ውስጥ ወደ ላይ ይሳባል። ያን ጊዜ ጨርቁ ይላቀቃል፤ ሻጋታም ይወረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለዓለም ገበያ የቀረበው በውኃ የሚበጠበጥ አክሪሊክ ቀለም፣ ከደረቀ በኋላ ውኃ ስለማያሟሟው፣ ለዚህ ችግር መፍትሔ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በብርድ ጠንክሮ ለመሰንጠቅ ይቀርባል፤ በሙቀት ለስልሶ አቧራ ይይዛል። በአሮጌ ሥዕል ላይ ከተደረበም ሥዕሉን ሳይጎዱ ማንሣት እጅግ አስቸጋሪ ነው። እርጥብ ግድግዳን የሚያደርቅ ቀለም የለም።

ስለሆነም ሥዕል መርገፍ ሲጀምር ከሠዓሊው አስቀድሞ ጣራውንና የውኃ መውረጃውን የሚመረምር መሐንዲስ ሊጠራ ይገባል። ሣር ክዳን ይሰጥ የነበረውን ጥበቃ ረዘም ያለ ክፈፍ፣ ደኅና አሸንዳ፣ ከቆርቆሮው ሥር የሚገባ ሙቀት ከላካይና በቂ የአየር መተላለፊያ ሊተኩት ይችላሉ። ቀለሙን የማደስ ሥራ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።