የታኦይዝም ጀማሪ

የታኦይዝም ጀማሪ የሚባለው በቻይና የበቀለውን ይህን ጥንታዊ ሃይማኖትና ፍልስፍና መማር ገና የያዘ ሰው ነው። ከቻይና ውጭ አብዛኛው ሰው ትምህርቱን የሚጀምረው የጥንቱ ጠቢብ የላኦዚ ነው የሚባለውን «ዳዎ ደ ጂንግ»ን በማንበብ ነው። በቻይና ገዳማት ግን ጀማሪ የሚሆነው መምህር ያገኘና መምህሩም የተቀበለው ሰው ነው። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

«ዳዎ ደ ጂንግ» አንባቢን የሚስበው በአጭርነቱ ነው፤ 81 ምዕራፎችና 5,000 ገደማ የቻይና ፊደላት ብቻ አሉት። ይሁን እንጂ አነጋገሩ እጅግ የታመቀ ስለሆነ ያለ ማብራሪያ የሚያነበው ሰው የራሱን ሐሳብ በላኦዚ አፍ ማናገር ይቀናዋል። መጽሐፉ አሁን የያዘውን መልክ ያገኘውም ቀስ በቀስ ነው። በ1973 ቻንግሻ ከተማ አጠገብ በማዋንግዱይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ከተዘጋ መቃብር የወጡት የሐር ቅጂዎች ዛሬ በሁለተኛነት የምናነበውን ክፍል ያስቀድማሉ። በ1993 በጉዎድያን የተገኙትና ከእነዚያም የሚቀድሙት የቀርከሃ ጽሑፎች ደግሞ ከምዕራፎቹ ከግማሽ ያነሱትን ብቻ ይዘዋል።

ለጀማሪ ይበልጥ እጁን የሚዘረጋው መጽሐፍ «ጁዋንግዚ» ነው፤ ትምህርቱን በተረትና በጨዋታ ያቀርባልና። ከ33 ምዕራፎቹ የመጀመሪያዎቹ 7ቱ የጥንቱ እምብርት ናቸው ተብለው ይታመናሉ። በ3ኛው ምዕራፍ በመስፍን ፊት የበሬ ብልት የሚያወጣ አንድ ወጥ ቤት አለ። ቢላው 19 ዓመት ሠርቶም ዛሬ ከሞረድ የወጣ ይመስላል፤ ሰውየው አጥንት አይመታም፣ በመገጣጠሚያው መካከል ያለውን ክፍተት እየተከተለ ስለቱን ያሳልፋል። ታኦይስቶች «ዉ ወይ» የሚሉት፣ ነገርን ሳያስገድዱ የመሥራት ትምህርት፣ ከዚህ ታሪክ በተሻለ የሚገለጥበት ቦታ ጥቂት ነው። ታሪኩን ስንፍናን ያመሰግናል ብሎ መረዳት ስህተት ነው፤ ወጥ ቤቱ ለዚህ የበቃው ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ ነው።

ታኦይዝም የተደራጀ ማኅበር የሆነው በ2ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጃንግ ዳዎሊንግ በ142 በዛሬዋ ሲቿን ራእይ ታየኝ ብሎ የመሠረተው የሰማያዊ መምህራን ማኅበር ከአባላቱ አምስት አምስት ስፍር ሩዝ ይቀበል ነበር። በዚህ ማኅበር ልጅ ትምህርቱን የሚጀምረው የሚጠብቁት መናፍስት ስም የሰፈረበት መዝገብ ሲሰጠው ሲሆን፣ ማዕረጉ ባደገ ቁጥር በመዝገቡ ላይ ያሉት ስሞች ይበዙ ነበር።

ዛሬ የሚታወቀውን የምንኩስና መንገድ ያቀናው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የቹዋንጀንን ትምህርት ቤት የመሠረተው ዋንግ ቾንግያንግ ነው። እሱ ራሱ ወደዚህ ሕይወት የገባው ዕድሜው ከ40 ካለፈ በኋላ ነበር። በ1167 ወደ ሻንዶንግ ሄዶ ሰባት ደቀ መዛሙርት አፈራ። ከእነዚህ መካከል ብቸኛዋ ሴት ሱን ቡአር ትዳሯንና ቤቷን ትታ ስትገባ ዕድሜዋ 50 ደርሶ ነበር፤ ቺዮ ቹጂ ግን ገና 20 ዓመት እንኳ አልሞላውም። በኋላ ጄንጊስ ካን ዘንድ ተጠርቶ እስከ ሂንዱ ኩሽ ተራሮች የተጓዘው ይኸው ቺዮ ቹጂ ነው። በዋንግ ስም የሚጠሩት 15 የመመሪያ አንቀጾች ለጀማሪ የተጻፉ ያህል ናቸው፤ ስለ መኖሪያ ጎጆ፣ ስለ መንከራተት፣ ስለ ጓደኛ አመራረጥና ለተመስጦ ስለ መቀመጥ ይናገራሉ። ስለ ንባብም ሲመክሩ፣ ተማሪው ፊደል ሲቆጥር ዓይኑን እንዳያደክም፣ ምሥጢሩን ከያዘ በኋላም መጽሐፉን እንዲያስቀምጥ ያሳስባሉ።

በቹዋንጀን ገዳም ጀማሪው መጀመሪያ በአመክሮ ይቆያል። ግቢ ይጠርጋል፣ ወጥ ቤት ያገለግላል፣ ዕጣን ያጥናል፣ «የእንጨት ዓሣ» በሚባለው መሣሪያና በደወል ምት የሚዜመውን የጠዋትና የማታ ጸሎት በቃሉ ያጠናል። ጸጉሩን አይላጭም፤ ያሳድገዋል። መምህሩ ሲቀበለው ጸጉሩ በአናቱ ላይ ተቋጥሮ በጸጉር መርፌ ይያዝና ቆብ ይደረግለታል፤ በመምህራኑ የትውልድ ሐረግ ያለውን ቦታ የሚያሳይ ፊደል ያለበት አዲስ ስምም ይሰጠዋል። የቤጂንጉ የነጭ ደመና ገዳም አበምኔት ዋንግ ቻንግዩዌ በ1656 ባቋቋመው ሥርዓት መሠረት ትእዛዛቱ ሦስት ደረጃ አላቸው። የመጀመሪያው ደረጃ 10 ትእዛዛት ናቸው። ታማኝነትንና ወላጅን ማክበርን ያስቀድማሉ፤ ግድያን፣ ዝሙትን፣ ሐሜትን፣ ሥጋንና መጠጥን ይከለክላሉ፤ ከንቱ ወሬና ሳቅንም ሳይቀር ያነሣሉ። በነፃነት ፍልስፍናነቱ ብቻ የሚያውቀው ሰው ታኦይዝም በዚህ መግቢያው ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ሲያይ መደነቁ አይቀርም።

በሌላው የታኦይዝም ወገን፣ በጀንግዪ፣ ያሉት ካህናት ግን አግብተው በየመንደሩ ይኖራሉ፤ ሙያው ብዙ ጊዜ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የውጭ አገር ሰው በዚህ በር ሊገባ እንደሚችል ያሳየው ሆላንዳዊው ምሁር ክሪስቶፈር ስኪፐር ነው። በ1960ዎቹ በታይዋን ታይናን ከተማ በካህናት እግር ሥር ተምሮ በ1968 ክህነት ተቀበለ። ከፍራንሲስኩስ ቬረለን ጋር ያዘጋጀውና በ2004 የታተመው ሥራ በ1445 የተጠናቀቀውንና በ1607 የተጨመረበትን፣ 1,500 ያህል ድርሳናት የያዘውን የታኦይዝም ቀኖና በየዘመኑ ለይቶ ያስረዳል።

የአተነፋፈስና «የውስጥ አልኬሚ» ልምምድ ለጀማሪ አይመከርም። ጽሑፎቹ እርሳስና ሜርኩሪ እያሉ በምሳሌ የሚናገሩ ስለሆኑ ትርጓሜያቸው በመምህር አፍ የሚተላለፍ ነው። ቀደም ባለው ዘመን እነዚሁ ማዕድናት በእርግጥ ይዋጡ ነበር፤ በ846 የሞተው የታንግ ንጉሠ ነገሥት ዉዞንግ የዘላለም ሕይወት መድኃኒት ተብሎ በተሰጠው እንክብል እንደ ተመረዘ ይነገራል። ስለዚህ መምህር በአጠገቡ የሌለ አንባቢ «ዳዎ ደ ጂንግ»ን ከታመነ ማብራሪያ ጋር ያንብብ፣ «ጁዋንግዚ»ንና 15ቱን አንቀጾች ከጎኑ ይያዝ፤ የሰውነትን ልምምድ ግን የሚያርመው ሰው እስኪያገኝ ያቆየው።