የጀርባ አጥንት መጣመምና የመልክ ነገር በልዩ ልዩ ሕዝቦች ወጣቶች ዘንድ

በጉርምስና ዘመን የጀርባ አጥንት ወደ ጎን ሲጣመም ትከሻ ከትከሻ ይበላለጣል፤ ወገብም በአንድ በኩል ይጎደጉዳል፤ የጎድን አጥንትም ወደ ኋላ ወጥቶ ጉብ ይላል። ሐኪሞች ይህን ደዌ «ስኮሊዮሲስ» ይሉታል፤ ስሙም «ጠማማ» ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። ከመቶ ወጣቶች ሁለቱ ወይም ሦስቱ በመጠኑ ይገኝባቸዋል፤ በርትቶ ለሕክምና የሚያደርሰው ግን ከወንዶች ይልቅ በልጃገረዶች ላይ ይበዛል። የሕክምናው ታሪክ ሲመረመር አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ይኸውም አጥንቱ ለብዙ ዘመን በጥንቃቄ ሲለካ ቆይቶ፣ የአጥንቱ ባለቤት ስለ ገዛ መልኩ የሚያስበው በሥርዓት የተጠየቀው እጅግ ዘግይቶ መሆኑ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. ራስል ሂብስ የተባለ ሐኪም በኒውዮርክ ከተማ በቲቢ የተጎዳውን የጀርባ አጥንት እርስ በርሱ የማያያዝ ሥራ ጀመረ፤ ዘዴውም ብዙ ሳይቆይ ለተጣመመ ጀርባ ዋለ። በ1948 ጆን ኮብ የመጣመሙን ማእዘን በራጅ ሥዕል ላይ የሚለኩበትን መንገድ አስተማረ። በሂዩስተን ከተማ በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን ያክም የነበረው ፖል ሃሪንግተን ደግሞ አጥንቱን ደግፎ የሚያቀናውን የብረት ዘንግ በ1962 በጽሑፍ አስታወቀ። ከዚህም የተነሣ የሥራው መሳካት በዲግሪ የሚመዘን ሆነ፤ ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና የሚመከረው ማእዘኑ ከ45 ወይም ከ50 ዲግሪ ሲያልፍ ነው።

ይሁን እንጂ ዲግሪው ሁሉን አይናገርም። በአይዋ ክፍለ ግዛት ሳይታከሙ የኖሩ 117 ሰዎች ከ50 ዓመት ክትትል በኋላ ተመርምረው ውጤቱ በ2003 ታትሟል። አብዛኞቹ ሠርተው የሚያድሩ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከጤነኞቹ በይበልጥ የለያቸው የጀርባ ሕመምና በመልካቸው አለመደሰት ነበር። እንግዲህ የመልክ ነገር እንደ ከንቱ ውዳሴ የሚናቅ አይደለም። ቀዶ ሕክምናው የተያያዘውን የአጥንት ክፍል እስከ ዕድሜ ልክ እንዳይተጣጠፍ ያደርጋል፤ ለነርቭም የሚያሰጋ ጊዜ አለ። ይህን ያህል ዋጋ የምትከፍለው ልጃገረድ ምን ለማግኘት እንደምትሻ መጠየቅ ይገባታል።

በ1966 የተመሠረተው የስኮሊዮሲስ ምርምር ማኅበር ስሙን የያዘው መጠይቅ በ1999 ታተመ፤ ኋላም በ22 ጥያቄዎች ተወሰነ። መጠይቁ ስለ ሕመም፣ ስለ ሰውነት ሥራና ስለ አእምሮ ጤና ሲጠይቅ፣ ሕሙማን ራሳቸውን በምን መልክ እንደሚያዩም ይጠይቃል። ወደ ስፓኝ፣ ወደ ቱርክ፣ ወደ ቻይናና ወደ ጃፓን ቋንቋዎችም ተተርጉሟል። በ2007 በታተመ ንጽጽር የአሜሪካውያንና የጃፓናውያን ሕሙማን መልስ በሕመምም ሆነ በራስ መልክ ረገድ ተለያይቶ ተገኝቷል።

ልዩነቱን ወዲያው ለዘር መስጠት ግን ያሳስታል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሰው ልብስ ለብሶ ሲታይ ምን እንደሚመስል የሚጠይቅ ነው። ልብስ ግን ከሕዝብ ሕዝብ ይለያል፤ ነጠላ ትከሻንና ጀርባን ይጋርዳል፤ የመዋኛ ልብስ ይገልጣል። ራስን ማመስገን ነውር በሆነበት ቤት ያደገች ልጅ ስለ መልኳ ዝቅ ያለ ነጥብ ብትሰጥ፣ ኀዘኗን ብቻ ሳይሆን አስተዳደጓንም መመስከሯ ሊሆን ይችላል።

የሕዝቦቹም አከፋፈል ራሱ ምርመራ ያሻዋል። በአሜሪካ የሕክምና መዝገብ የሚሠራበት ክፍፍል ከመንግሥት የሕዝብ ቆጠራ የመጣ ነው። በዚህም መሠረት ከኢትዮጵያ የሄዱ ወላጆች ልጅና የቀድሞ ባሮች ዘር የሆነችው ልጅ «ጥቁር» በሚል በአንድ ስም ይጻፋሉ፤ የሜክሲኮና የፖርቶ ሪኮ ልጆችም እንዲሁ በሌላ ስም ይጠቃለላሉ። ቋንቋቸው፣ ልብሳቸውና የቤታቸው ሥርዓት የተለያየ ሲሆን፣ ስለ መልክ ያላቸው አሳብ አንድ ነው ብሎ መቁጠር የሰዎቹን ሳይሆን የመዝገቡን ጠባይ ማጥናት ነው።

ሕክምና የሚገኝበት ጊዜም ሌላው ምክንያት ነው። የጋና ተወላጁ ሐኪም ኦሄኔባ ቦአቺ አጄ በ1998 የመሠረተው ድርጅት በአክራ ሆስፒታል አለው፤ በዚያም ከኢትዮጵያ የተላኩ ብዙ ወጣቶች ታክመዋል። ከእነዚህ መካከል ጀርባቸው ከ100 ዲግሪ በላይ የተጣመመ፣ አጥንቱም ሳንባቸውን የተጫነ ይገኙበታል። እንዲህ ላለ ሕመምተኛ የመልክ ጥያቄ ከትንፋሽ ጥያቄ አይለይም። እርሱን በትምህርት ቤት ምርመራ መጣመሙ ገና በ20 ዲግሪ ሳለ ከታወቀላት ልጅ ጋር አወዳድሮ፣ ልዩነቱ የነገድ ነው ማለት የዘገየውን ሕክምና እንደ ተፈጥሮ ጠባይ መቁጠር ይሆናል።

ስለዚህ በወጣቶች መካከል የታየው የአሳብ ልዩነት እውነተኛ ቢሆንም፣ ምንጩ በደም ሳይሆን በልብስ፣ በቋንቋ፣ በአስተዳደግና በድህነት ውስጥ ሊፈለግ ይገባዋል። ማእዘኑን ራጁ ይነግራል፤ ጉብታው ለባለቤቱ ምን እንደሆነ ግን በገዛ ቋንቋው ካልተጠየቀ በቀር አይታወቅም።