አስቸጋሪው ብረት

የሰው ልጅ ዓለምን ለመረዳት ሲነሣ አስቀድሞ የሚያደርገው መለየት ነው፤ እንክርዳዱን ከስንዴው፣ ቆላውን ከደጋው። የኬሚስትሪ ሊቃውንትም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ፈረንሳዊው አንትዋን ላቯዚዬ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ 33 ንጥረ ነገሮችን ዘርዝሮ 17ቱን ብረታ ብረት በማለት ለብቻቸው አሰለፋቸው። መለያው ግልጽ ይመስላል፦ ብረታ ብረት ያብረቀርቃል፤ ሲቀጠቀጥ ይሳሳል እንጂ አይደቅም፤ ሙቀትንና ኤሌክትሪክን ያሳልፋል። ድኝን የመሰለው ኢ-ብረት ደግሞ ደብዛዛ ነው፤ ሲመቱት ይፈረፈራል፤ ኤሌክትሪክም አያሳልፍም።

ይህ መጽሐፍ ከመታተሙ 7 ዓመት አስቀድሞ ግን፣ በዛሬዋ ሩማንያ በምትገኘው ትራንሲልቫኒያ፣ ለሁለቱም ወገን የማይመች ነገር ከወርቅ ማዕድን መካከል ወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1782 የማዕድን ሹሙ ፍራንዝ ዮዜፍ ሙለር እጅ ገባ። እንደ ብር ያብረቀርቃል፤ በመዶሻ ሲነኩት ግን እንደ ድኝ ይደቃል። ሌሎች አንቲሞኒ ነው አሉ፤ ከጥንት ጀምሮ ሰዎች በሚኳሉት ማዕድን ውስጥ ያለው ማለት ነው። ሙለር ግን አልተቀበለም። ሦስት ዓመት ደከመበት፤ ከ50 በላይ ሙከራዎችን አደረገ። ሲሞቅ የፍጅል ሽታ ያለው ነጭ ጢስ እንደሚወጣው፣ የድኝ አሲድንም እንደሚያቀላው መዘገበ። አንቲሞኒ አለመሆኑን አረጋገጠ፤ ምን እንደሆነ ግን ሊለይ አልቻለም። ስለዚህ በላቲን «አስቸጋሪ ብረት» ብሎ ሰየመው።

እነሆ የዚህ ሰው ታላቅነት! በቅርብ የሚገኘውን ስም ለጥፎ ማለፍ በቻለ ነበር፤ እርሱ ግን አለማወቁን ራሱን ስም አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1798 ማርቲን ክላፕሮት በርሊን ላይ አዲስ ንጥረ ነገር መሆኑን አረጋግጦ፣ ከላቲኑ «ምድር» ወስዶ ቴሉሪየም አለው፤ የማግኘቱንም ክብር ለሙለር ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1817 ስዊድናዊው ቤርዜሊዩስ እርሱን የሚመስል ሌላ ሲያገኝ፣ የምድር ጓደኛ ይሁን ብሎ በግሪኩ «ጨረቃ» ሴሌኒየም አለው።

አስቸጋሪነቱ ግን በዚህ አላበቃም። ሜንዴሌዬቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ንጥረ ነገሮችን በክብደት ሲደረድር፣ ቴሉሪየም ከአዮዲን ስለሚከብድ ከኋላው መቆም ነበረበት። ጠባዩ ግን ከድኝና ከሴሌኒየም ጋር ነው። ሜንዴሌዬቭ ጠባዩን አምኖ ከአዮዲን አስቀደመው፤ ክብደቱ በስሕተት ተመዝኖ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ምዘናው ትክክል ነበር፦ 127.6 ለ126.9። እ.ኤ.አ. በ1913 ሄንሪ ሞዝሊ ሥርዓቱ በክብደት ሳይሆን በአቶማዊ ቁጥር መሆኑን ሲያሳይ፣ ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53 ሆኑ። ሜንዴሌዬቭ ምክንያቱን ቢስትም ቦታውን አልሳተም።

ዛሬ ቴሉሪየምን ከቦሮን፣ ከሲሊከን፣ ከጀርማኒየም፣ ከአርሰኒክና ከአንቲሞኒ ጋር ከፊል ብረት እንለዋለን። ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ በልግስና ሳይሆን በስስት ያሳልፋል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ደግሞ ጥቂት ይጨምራል። ከፊል ብረት ማለት ምን እንደሆነ ግን ሁሉም የተስማማበት ድንጋጌ ዛሬም የለም፤ ፖሎኒየምን አንዱ መጽሐፍ ሲያስገባው ሌላው ያስወጣዋል። ድንበሩን ያሰመርነው እኛ ነንና። በድንበሩ ላይ የቆሙት ግን ሥራ አልፈቱም፤ ሲሊከን ኮምፒውተሮቻችንን ያንቀሳቅሳል፤ የሙለር አስቸጋሪ ብረትም ከካድሚየም ጋር ተዋሕዶ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ ያመነጫል።