ኢኦሲኖፊል በታመመ አንጀት
የትልቁ አንጀት ናሙና፣ በሄማቶክሲሊንና በኢኦሲን የተቀለመ

በማይክሮስኮፑ ሥር ደምቀው የሚታዩት ብርቱካናማ ቀይ ነጠብጣቦች ኢኦሲኖፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ኒውክለሳቸው ለሁለት የተከፈለ ነው። ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ በ1879 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያሳያቸው ቀለም የመሳብ ጠባያቸውን ተከትሎ ነበር።

በጤነኛ አንጀትም አይጠፉም፤ መገኘታቸው ብቻ በሽታ አይደለም። አልሰራቲቭ ኮላይተስና ክሮንስ በተባሉት ሥር የሰደዱ የአንጀት መቆጣቶች ግን ብዙውን ጊዜ ይበረክታሉ። በውስጣቸው ካሉት ቅንጣቶች የሚለቁት፣ የትል እጭንም የሚያጠቃው ፕሮቲን የአንጀቱን ስስ ሽፋን ሊያቆስል ይችላል። ጥፋቱን ሁሉ በእነሱ ላይ መጫን ግን ይከብዳል፤ ቁስሉን በመጠገንም እንደሚሳተፉ የሚጠቁሙ ምልክቶች አሉ።

የአንጀት ትልም ቁጥራቸውን ስለሚያበዛ፣ ትል በበዛበት አካባቢ መብዛታቸውን ከእነዚህ የአንጀት መቆጣቶች ጋር ከማያያዝ በፊት የሰገራ ምርመራ ይቀድማል።