ጠመንጃና አንድ እፍኝ አሸዋ



ስለ ባለእጅ አባቶቻችን ስናወራ አንዳንዶቻችሁ "ለመሆኑ ጠመንጃ በእጅ ይሠራ ነበር ወይ?" ብላችሁኛል። አዎ፣ ይሠራ ነበር። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1969 አሜሪካ ውስጥ ዊልያምስበርግ በምትባል ታሪካዊ ከተማ ዋላስ ጉስለር የተባለ ሰው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዘዴ ጠመንጃ ሲሠራ የሚያሳይ ፊልም ወጥቷል። እኔን ያስደነቀኝ አፈሙዙ የሚበየድበት ቦታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረጅም ጠፍጣፋ ብረት እንደ ቱቦ ይጠቀለላል። ጠርዝና ጠርዙ አንድ እንዲሆን በወናፍ እስኪነጣ፣ 1,300 ዲግሪ ገደማ ድረስ መጋል አለበት። ታዲያ ብረት እንዲህ ሲግል አየር ያገኘውና ላዩ ላይ ቅርፊት ያወጣል። ቅርፊቱ መሐል ከገባ ብረት ከብረት አይያያዝም። ስለዚህ ቀጥቃጩ ንጹሕ አሸዋ ይበትንበታል። አሸዋ ብቻውን ለመቅለጥ 1,700 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ከቅርፊቱ ጋር ሲገናኝ ግን 1,200 ላይ አብሮት ይቀልጥና እንደ ማር ይፈሳል። መዶሻው ሲያርፍበት ያ ፈሳሽ ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ንጹሕ ብረትም ከንጹሕ ብረት ይገናኛል። ቦራክስ የሚባል ነጭ ዱቄትም አለ። እሱ ገና በ740 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ብዙ ግለት ለማይችለው ስቲል ይበልጥ ይሆናል።

አፈሙዙ በአንዴ አይበየድም። ጥቂት ጣት ያህል ብቻ እየጋለ፣ ውስጡ ዘንግ ገብቶ መስፍ ላይ ይቀጠቀጣል፤ ዘንጉ እንዳይጣበቅ ቶሎ ይወጣል። ከዚያ እንደገና ወደ እሳት! ቆሻሻ መሐል ከቀረ ከውጭ አይታይም፤ የሚታወቀው ባሩዱ ሲተኮስ ነው። ያን ጊዜ እጁን ወይም ዓይኑን የሚያጣው ተኳሹ ነው። እንግሊዞች በርሚንግሃም ላይ በ1813 የመፈተሻ ቤት ያቋቋሙት ለዚህ ነው። ከተለመደው በላይ ባሩድ ጨምረው ይተኩሱና በተረፈው ላይ ማኅተም ይመቱበታል።

የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ከዚህ ጋር እንዳይምታታባችሁ። እሱ በ1867 ጋፋት ላይ ማዕድን ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ነው እንጂ የተበየደ አይደለም።

በጎንደር የእኛ ሰዎች ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጡ ገበሬውን ሲያሳርሱት ስማቸው "ቡዳ" ነበር። እዚያ ደግሞ ለቀጥቃጭ ፊልም ይሠራለታል! ከነከነኝ፣ አልዋሽም።

ኋላ ስቲል በረከሰ ጊዜ ብየዳው ቀረ። ስፕሪንግፊልድ የነበረው የአሜሪካ መንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በ1873 ባወጣው ጠመንጃ አፈሙዙን ከስቲል አደረገው። ስቲሉ ይበሳል እንጂ አይጠቀለልም፤ የሚገጠም ጠርዝም የለውም።